የኤልዲኤል አንቲቦዲ ይዤ ሦስት ወር፦ ነጭ ፕሌት፣ ቢጫ ፕሌት

ሰላም የላብ ሰዎች። ከኤልዲኤል አንቲቦዲ ጋር ስታገል የከረምኩበትን ሦስት ወር ላካፍላችሁ፤ ኤልዲኤል በደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚሸከም ቅንጣት ነው፣ አንቲቦዲ ደግሞ አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን። ቴሲሴ ስለሆነ እንጂ ፈልጌው አልገባሁበትም።

መጀመሪያ ላይ የነበረኝ ግንዛቤ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ብልቃጧ ላይ "ፀረ ኤልዲኤል" ስለሚል አንቲቦዲው ሄዶ ኮሌስትሮሉን የሚይዝ ነበር የመሰለኝ። አይደለም። ኤልዲኤል ውስጥም ኤችዲኤል የተባለው ሌላው ቅንጣት ውስጥም ያለው ያው አንድ ዓይነት ኮሌስትሮል ነው። "መጥፎ" እና "ጥሩ" የሚባለው በተሳፈረበት ታክሲ ነው። የእኔ አንቲቦዲ የሚያውቀው ታክሲውን ነው፤ ማለትም ቅንጣቱን የጠቀለለውን አፖቢ-100 የተባለ ፕሮቲን። አንድ የኤልዲኤል ቅንጣት ላይ ደግሞ አንድ አፖቢ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አፖቢ ስትለኩ የምትቆጥሩት ሚኒባሱን እንጂ ተሳፋሪውን አይደለም። ኮሌስትሮላቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ሚኒባሶች ጢም ብለው የሌላው ግማሽ ባዶ ከሆኑ፣ የአፖቢ ቁጥራቸው ይለያያል።

በነገራችን ላይ የምርመራ ወረቀት ላይ የምናየው ኤልዲኤል ብዙ ጊዜ የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። የፍሪድዋልድ ቀመር ከ1972 ጀምሮ አለ፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤል ይቀነሳል፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድ (የሌላው የደም ስብ) አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ግን ቀመሩ አይሠራም።

አፖቢም ቢሆን የኤልዲኤል ብቻ አይደለም። ቪኤልዲኤልና አይዲኤል የሚባሉት ሌሎች ስብ ተሸካሚ ቅንጣቶችም አላቸው። ከአንጀት የሚወጣው ደግሞ አፖቢ-48 ነው፣ የዚሁ ፕሮቲን የመጀመሪያው 48 ከመቶ። አንቲቦዲያችሁ የሚይዘው ይሄን የፊተኛውን ክፍል ከሆነ፣ ዶሮ ወጥ በልቶ የመጣ ሰው ደም ውስጥ ሁለቱንም ያይላችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት የት ላይ እንደሚጣበቅ አንብቡ። እኔ ያነበብኩት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ወደ ኢላይዛው ልምጣ፤ በአንቲቦዲ እና በቀለም ለውጥ የፕሮቲን መጠን የሚለካበት ዘዴ ነው። የመጀመሪያው ፕሌት፣ ባለ ጉድጓድ የፕላስቲክ ሳህኑ፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። 96ቱም ጉድጓዶች እንደ ውሃ! ናሙናው ብቻ ቢሆን እሺ፣ ስታንዳርዱም (መጠኑ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ጭምር ቀለም አላወጣም። አንቲቦዲው መንገድ ላይ ሙቀት መትቶት ይሆናል ብዬ ሻጩን ሳማ ዋልኩ። በመጨረሻ ቀለሙን የሚያወጣው ኢንዛይም የተያያዘበትን ሁለተኛውን አንቲቦዲ አንዲት ጠብታ በቀጥታ ማቅለሚያው ላይ ጣል ባደርግ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ኢንዛይሙ ደህና ነው ማለት ነው። ታዲያ ምን ነካው?

ያገኙት የላቡ አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ማጠቢያ ባፈሬን (ፕሌቱን የማጥብበትን ፈሳሽ) ብድግ አድርገው ወደ መብራቱ አስጠጉት። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ባፈር ማን ነው የሠራው?" አሉኝ። ከፍሪጅ ያገኘሁት ነው አልኳቸው። ጠርሙሱን ሲያዞሩት በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ግማሹ የፈዘዘ ጽሑፍ አለ፦ 0.02% አዛይድ። ባክቴሪያ እንዳያበላሸው ሰው ጨምሮበታል። አዛይድ ደግሞ ያንን ኢንዛይም ቀጥ ነው የሚያደርገው። በራሴ እጅ፣ አምስት ጊዜ ደጋግሜ፣ ኢንዛይሜን በአዛይድ ሳጥበው ነበር። ሻጩን ይቅርታ ብያለሁ፣ በልቤ።

ሁለተኛው ፕሌት ተቃራኒው። ሴረሙን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) 100 እጥፍ አቅጥኜ ብጨምር ሁሉም ደማቅ ቢጫ ሆነ (ማቆሚያው አሲድ ሰማያዊውን ቢጫ ያደርገዋል)፣ ከትልቁ ስታንዳርድም በላይ። ሒሳቡን ቀድሜ ብሠራው ኖሮ አልደነቅም ነበር። ደም ውስጥ ያለው አፖቢ በሊትር 1 ግራም አካባቢ ነው፣ ማለትም በሚሊሊትር አንድ ሚሊዮን ናኖግራም። የእኔ ትልቁ ስታንዳርድ ግን በሚሊሊትር 200 ናኖግራም ነው። 100 እጥፍ ምኑም አይደለም።

ሦስተኛው ላይ 5 ማይክሮሊትር ሴረም በ495 ባፈር፣ ከዚያው እንደገና 5 በ495 አድርጌ 10,000 እጥፍ ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ እኩል በእኩል እያቀጠንኩ 20,000 እና 40,000። መልሼ ሳባዛቸው 94፣ 98 እና 101 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሰጡኝ። ሦስቱ እንዲህ ተቀራርበው ሳይ ጋሼን ቡና ጋበዝኳቸው።

አሁን ወደ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ ወደሚያየው ዘዴ) ገብቻለሁ፣ እሱ ገና ነው። አፖቢ-100 ከ4,500 በላይ አሚኖ አሲድ ያለው ግዙፍ ፕሮቲን ነው። 10% ጄል ላይ ብጭነው ከአናቱ ንቅንቅ አላለም። የሚቀጥለው ሳምንት በ3–8% ጄል ልሞክር ነው፣ ፕሮቲኑን ከጄሉ ወደ ሜምብሬን ማሸጋገሩንም በቀዝቃዛ ክፍል ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። መብራት ሳይጠፋባችሁ ይሄን ሌሊት የተወጣችሁት ካላችሁ በስንት ቮልት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።