ከሻንጣ እስከ በር፦ የበርሊን የፌቲሽ ምሽቶች

ወደ በርሊን የፌቲሽ ድግስ፣ ማለትም ከወሲባዊ ስሜት ጋር የተያያዘ የጎማ፣ የቆዳና የመሳሰለው ልብስ ወደሚለበስበት ምሽት፣ የሚደረግ ጉዞ ከሻንጣ ይጀምራል። ላቴክስ፣ ገላ ላይ የሚጣበቀውን ስስ የጎማ ልብስ፣ ስይዝ ጥቁሩን ከነጩ ጋር አላነካካም፤ የጠቆረው ቀለም ወደ ፈካው ይሻገራል። እያንዳንዱን ልብስ ለብቻው በንጹሕ ወረቀት እጠቀልላለሁ። ሳንቲምና የነሐስ ጌጥ ሌላ ኪስ ይገባሉ፤ መዳብ ያለበት ነገር ላቴክስን ከነካ ታጥቦ የማይለቅ ቡናማ ነጥብ ይጥልበታል። ሳንቲም ሲቆጥር የቆየ እጅ እንኳ ይበቃል።

ለመልበስ ግማሽ ሰዓት እመድባለሁ፤ ልብሱ የሚቀደደው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ነው። ጥፍር ይቆረጣል፣ ቀለበት ይወልቃል። ገላ ላይ ሎሽንም ሆነ ቅባት መኖር የለበትም፣ ዘይት ጎማውን ያላላዋል። ውስጡ ጥቂት ታልክ ፓውደር ይነሰነስበታል ወይም የሲሊኮን ማለስለሻ ይቀባል፤ ከዚያ በመዳፍ እየገፉ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ማንሳት ነው። በጣት ጫፍ ቆንጥጦ የሚጎትት ሰው ይሰነጥቀዋል። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው የቆዳ ወይም የፒቪሲ (የፕላስቲክ) ልብስ ይልበስ፤ ሰው በሞላበት የዳንስ ወለል ላይ ከሌሎች ልብስ ጋር መነካካት እንደማይቀርም አስቀድሞ ያስብበት።

በላዩ ረዥም ካፖርት ደርቤ እወጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው የፌቲሽ ምሽቶች ቤት፣ ኪትካት ክለብ፣ ዛሬ የሚገኘው ሃይንሪሽ ሃይነ ሽትራሰ ከተባለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ባቡሩ እስኪነጋ ስለሚሠራ መመለሻ አያሳስብም። ሰልፍ ላይ መቆም ግን በክረምት ከባድ ነው። ላቴክስ ብርድ አይከላከልም።

በሩ ላይ ብዙ መንገደኛ የሚመለስበት ስህተት አንድ ነው፦ ጂንስ፣ ስኒከርና ጥቁር ቲሸርት ለብሶ «ጥቁር እኮ ነው» ማለት። የአለባበስ ደንቡ ስለ ቀለም አይደለም። እያንዳንዱ ምሽት የራሱ ደንብ ስላለው ከመሄድ በፊት የዚያኑ ምሽት ማስታወቂያ ማንበብ ግድ ነው፤ አንዱ ላቴክስና ቆዳ ብቻ ይላል፣ ሌላው ለየት ያለና የታሰበበት ልብስ ይበቃል ይላል። ለጀማሪ የቆዳ ሱሪና ደረት ላይ የሚታሰር የቆዳ ማሰሪያ ጥሩ መነሻ ነው፤ ማሰሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ኮርሴት፣ ወገብን በገመድ የሚያጠብቀው ልብስ፣ ደግሞ አዲስ ከሆነ እስከ መጨረሻው ተጎትቶ አይታሰርም።

ይህ ጥብቅነት እብሪት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን የደኅንነት የመጀመሪያው አጥር እርሱ ነው ባይ ነኝ። ልብሱን አስቦና ደክሞበት የመጣ ሰው እንደሌላው ሁሉ ራሱን አጋልጧል፤ በዕለት ልብሱ ቆሞ ሌላውን እንደ ትርኢት የሚያይ ሰው ግን ምንም አላጋለጠም፣ የክፍሉ መተማመንም በእርሱ ይፈርሳል። የስልክ ነገርም እንዲሁ ነው፦ በበርሊን ክለቦች ካሜራው ላይ ስቲከር ይለጠፋል፣ ወይም ስልኩ ከካፖርቱ ጋር ይቀራል። ስቲከሩን የነቀለ ይባረራል፤ መባረሩም ተገቢ ነው።

ውስጥ ከገቡ በኋላ ዋናው ደንብ ሳይጠይቁ አለመንካት ነው፣ ልብስንም ጭምር። የሚያብረቀርቅ ላቴክስ እጅ ይስባል፤ «ልንካው?» ብሎ መልስ መጠበቅ ግን ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። ዝምታ እሺታ አይደለም። ተስማምተው ወሲባዊ ጨዋታ ከያዙ ሰዎች መካከል «ቀይ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ነገር ወዲያው ይቆማል፣ «ቢጫ» ቀስ በል ማለት ነው። የሚመለከት ሰው ርቀቱን ይጠብቅ፣ አያናግራቸውም፣ አስተያየትም አይሰጥም። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2016 የተሻሻለው የወንጀል ሕግም እምቢታን ተላልፎ የተፈጸመ ወሲባዊ ድርጊትን፣ ኃይል ባይኖርበትም፣ በወንጀል ያስጠይቃል።

ገና እንደገባሁ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ፦ ውሃ የሚገኝበትንና በክንድ ምልክት ወይም በደማቅ ሰደርያ የሚለዩትን የደኅንነት ቡድን አባላት። ሥራቸው ከበር ጠባቂዎች የተለየ ነው፤ የተጎዳውን ያዳምጣሉ፣ ጸጥ ወዳለ ክፍል ይወስዱታል፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልግም ይጠይቁታል። በሙንስተር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ዘዴም በብዙ የጀርመን መጠጥ ቤቶች ይሠራል፦ «ሉዊዛ እዚህ አለች?» ብላ ሠራተኛ የጠየቀች ሴት ማብራሪያ ሳትጠየቅ እርዳታ ታገኛለች። እንዲህ ያለ ቡድን የማይታይበት፣ ስለ ቅሬታ ሲጠየቅም ትከሻውን የሚነቀንቅ ድግስ ውስጥ አልቆይም።

ላቴክስ አየር አያስተላልፍም፤ ላቡ ውስጥ ይቀራል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ውሃ ሳይጠሙ መጠጣት፣ ራስ ካዞረ ወይም ካቅለሸለሸ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ወጥቶ ዚፑን መክፈት ነው። አልኮል ይህን ያባብሳል፣ ፈቃድ የመስጠትና የመቀበል አቅምንም ያደበዝዛል። ኪስ ስለማይኖር ካርድ፣ የሆቴል ቁልፍና መድኃኒት በትንሽ የወገብ ቦርሳ ይያዛሉ።

ሲነጋ ላቡ ውስጡ ሳይደርቅ ልብሱ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ከፀሐይና ከማሞቂያ ርቆ በፕላስቲክ መስቀያ ይሰቀላል፤ አንዱ ፊት ሲደርቅ ይገለበጣል፤ ሁለቱም ከደረቁ በኋላ ታልክ ተነስንሶበት ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።