የኔ ደመወዝ አይቆጠርም
እኔ ቱሉ ዲምቱ፣ ባለቤቴ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም። የትዳር ቪዛ ልናስገባ እየተዘጋጀን ነው፤ ከሁሉ የከበደን የገቢው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ አዲስ የሚያመለክቱ ባልና ሚስት በዓመት ቢያንስ 29,000 ፓውንድ ገቢ ማሳየት አለባቸው። ከዚያ በፊት 18,600 ነበር። የሱ ደመወዝ ይደርሳል፣ ተመስገን። ግን መድረሱ ብቻ አይበቃም፣ በወረቀት መታየት አለበት።

አንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሠራ ሰው የስድስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የዚያኑ ጊዜ የባንክ ስቴትመንትና የአሠሪ ደብዳቤ ያቀርባል። ባለቤቴ ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ይልክልኛል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ማታ ልጄን አስተኝቼ ቁጥር በቁጥር አመሳክራለሁ። የተጣራው ደመወዝ ባንክ ከገባው ጋር መግጠም አለበት። በእጅ ተከፍሎ ባንክ ያልገባ ገንዘብ አይያዝም።

የሚያንገበግበኝ ግን የኔ ነው። እዚህ ሠርቼ የማገኘው ለዚህ ቪዛ እንደ ገቢ አይቆጠርም። እዚያ ሥራ እንደምቀጠር ደብዳቤ ባመጣም ለውጥ የለውም። ቁጠባ ከሆነ የሁለታችንም ይያዛል፤ በቁጠባ ብቻ ለመሙላት ግን 88,500 ፓውንድ ስድስት ወር ሙሉ በእጃችን መቆየት አለበት። አማቴ ይህን ሲሰሙ ገላን በኩል ያለችውን ቦታቸውን ሊሸጡልን ተነሱ። «እማማ፣ ይቅርብዎት» አልኳቸው። ጡረታቸው እሷ ናት።

እኛስ ደረሰልን። ሌሊት ቢሮ እያጸዳ የሚያድር፣ ደመወዙ የማይደርስ ሰውስ? እሱ ሚስት አያስፈልገውም? ይህ ሕግ ልክ አይደለም፣ ደጋግሜ እላለሁ።

አሁን የቀረን የአሠሪው ደብዳቤ ነው። ሰኞ እንሰጥሃለን ብለውታል።