ክሩ ሲያልቅ መነሳት

ጅማ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ቡናዬን ጠጥቼ፣ ጥልፌን አንስቼ መስኮቱ ስር ተቀምጫለሁ። አንገቴ አላመመኝም። ለብዙ ሰው ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በፊት እንኳን ጥልፍ ልሠራ፣ ዞሬ በሩ ላይ ማን እንደቆመ ማየት እንኳ ከብዶኝ ነበር።

ነገሩ የባሰብኝ በአንድ የሙሽራ ቀሚስ ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው፣ ጊዜው ጠቧል፣ ጥልፉ ደግሞ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ መስቀል። ነጭ ሸማ ላይ በነጭ ክር። ይህን የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ክሩ ከጨርቁ አይለይም፣ ሳይታወቅህ ፊትህ ወደ ጨርቁ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ መርፌው አፍንጫህ ስር ነው። አንድ ማታ ልጄ በሩ ላይ ቆማ «እማ፣ እራት ቀርቧል» ስትለኝ አንገቴ አልዞር አለኝ። መላ ሰውነቴን ይዤ ነው የዞርኩት። ልጄ ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ፣ ግን ቀሚሱን አላስቀመጥኩም።

ጎረቤቴ አዴ «ብርድ ነው የመታሽ የኔ ልጅ፣ ሞቅ ያለ ነገር አድርጊበት» አሉኝ። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ አንገቴ ላይ አደረግሁ፤ እውነት ለመናገር ለሌሊቱ ረድቶኛል። ወጌሻ ጋ ሂጂ ያሉኝም ነበሩ። ወጌሻን አልንቅም፣ ግን አንገት እንደ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት አይደለም። ውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ነው፤ ማንም እንዲጠመዝዝብኝ አልፈለግሁም።

በመጨረሻ አንድ ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው። መድኃኒት ከማውራቱ በፊት «እስቲ ቤትዎ እንደሚሠሩት ሆነው ይቀመጡ» አለኝ። ዝቅ ያለ መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩና ጎንበስ አልኩ። «ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን ያውቁታል አይደል? ጭንቅላትዎ ከሱ ብዙ አያንስም» አለኝ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ነው። ቀጥ ሲል አጥንቱ ላይ ይቀመጣል። ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር ግን አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና ያድጋል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ስሌት 60 ዲግሪ ሲያዘነብል ወደ 27 ኪሎ እንደሚደርስ ያሳያል። ከሩብ ኩንታል በላይ ማለት ነው። እኔ ይህን በቀን ስድስት ሰባት ሰዓት ተሸክሜ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ጥልፍ ከባድ ሥራ አይደለም፣ መርፌ ምን ይመዝናል? የሚጎዳው አለመንቀሳቀሱ ነው። ጡንቻ ሳይላላ ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ ሲቆይ ወደ ውስጡ የሚገባው ደም ይቀንሳል፣ ይደክማል፣ ይቆጣል። በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያሉት ዲስኮች ደግሞ የራሳቸው የደም ስር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ምግባቸው ከአካባቢያቸው ሰርጎ ነው የሚደርሳቸው፣ መንቀሳቀስም ያግዛቸዋል። ስለዚህ «ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ» ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ቀጥ ብሎ ሦስት ሰዓት መድረቅም ያማል።

ታዲያ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ በርጩማዬን ተሰናበትኩ። ይህ ቀላል አልነበረም። የጅማ በርጩማ ነው፣ ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ከእናቴ የወረስኩት፤ መሃሉ ብዙ ከመቀመጥ የተነሳ እንደ መስታወት ያበራል። ለቡና ከሱ የተሻለ የለም። ለረጅም ጥልፍ ግን ዝቅ ይላል፤ ጉልበት ከዳሌ በላይ ሲወጣ ወገብ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ወገብ ሲጎብጥ ደግሞ አንገት ወደ ፊት መውጣቱ አይቀርም። አሁን የምቀመጠው መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ነው፣ ወገቤ ጋ ጋቢ ጠቅልዬ አደርጋለሁ። በርጩማውንም አልጣልኩትም። ወንበሩ ትንሽ ስለሚረዝምብኝ እግሬን የማሳርፈው እሱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራውን ወደ ዓይን ማምጣት ነው። ጭኔ ላይ ወፍራም ትራስ አደርጋለሁ፣ ክርኖቼ እሱ ላይ ያርፋሉ፣ ጨርቁ ደረቴ አካባቢ ይሆናል። በዚህ ብቻ ትከሻዬ ከጆሮዬ ስር ወረደ። ትልቅ የአልጋ ልብስ ዳንቴል የምትሠሩ ደግሞ ያለቀውን ክፍል አጠገባችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ እጅ ላይ ሲንጠለጠል ክብደቱ ትከሻ ይጎትታል።

ዓይኔንም ተመረመርኩ። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርብ ነገር ማየት እየከበደ ይሄዳል፤ እኔ 46 ነኝ። ለካ አንገቴን ወደ ታች ይጎትት የነበረው ግማሹ ዓይኔ ነው! መነጽሩን ባደረግሁ በሳምንቱ ጨርቁን ከፊቴ አርቄ መያዝ ቻልኩ። ብርሃንም እንዲሁ። ክረምት ላይ እዚህ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይጨልማል፣ መብራትም አንዳንዴ ይሄዳል። ስለዚህ ነጭ በነጩን ጠዋት እሠራለሁ፣ ቀለም ያለውን ለማታ አቆያለሁ። ቀኝ እጅ ስለሆንኩ መስኮቱ በግራዬ ነው፤ አለበለዚያ የእጄ ጥላ መርፌው ላይ ያርፋል።

አሁን የምወደው ላይ ደረስኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ በየ20 ወይም 30 ደቂቃው ተነሺ ብሎኝ ነበር። የስልኬን ደወል ሞላሁ፣ ጮኸ፣ «ይህችን ቅጠል ልጨርስ» እያልኩ አጠፋሁት። ለሳምንት ያህል እንደዚያ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ክሬን ሳየው ሐሳብ መጣልኝ። እኔ ቶሎ ቶሎ ላለመሰካት ሁለት ክንድ ሙሉ ነበር የምቆርጠው። ረጅም ክር ይቋጠራል፣ ይሳሳል፣ በየስፌቱም እጅን እስከ ጎን ድረስ ያስወረውራል፤ ቀኝ ትከሻዬ ለምን ከግራው ይልቅ እንደሚያመኝ የገባኝ ያኔ ነው። አሁን አንድ ክንድ ብቻ እቆርጣለሁ፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክሩ ሲያልቅ እነሳለሁ። ሥራው ራሱ ስለሚያቆመኝ ከማንም ጋር አልታገልም። ቡና ካለ ደግሞ ይብሱን ጥሩ ነው፤ አቦል ላይ ተነስቼ ፍም እጨምራለሁ፣ ቶና ላይ ደጅ ወጥቼ ልብስ እሰበስባለሁ፣ በረካ ላይ አዴን እጠራለሁ።

ስነሳ የማደርገው ትንሽ ነው። አገጬን ሳላዘነብል ወደ ኋላ እስባለሁ፣ ድርብ አገጭ እስኪወጣ፣ 5 ሰከንድ ይዤ እለቃለሁ፤ አሥር ጊዜ። የትከሻ አጥንቶቼን ከኋላ አቀራርባለሁ። የበሩን መቃን በሁለት እጄ ይዤ ደረቴን ወደ ፊት እገፋለሁ፣ ይሄኛው በተለይ ይጣፍጣል። ከዚያ ሩቅ አያለሁ፣ የጎረቤትን አቮካዶ ዛፍ፤ ዓይንም ያርፋል። ጭንቅላትን በኃይል ማሽከርከርና አንገት ማንቋቋት ግን ትቻለሁ።

አንድ ነገር ግን በቁም ነገር ልበል። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ፣ ጣት የሚደነዝዝ፣ ዕቃ ከእጅ የሚያመልጥ፣ እግር የሚዝል ወይም ሽንት መቆጣጠር የሚያስቸግር ከሆነ፣ ይህ የትራስና የወንበር ጉዳይ አይደለም። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልጠፋም። ሁለት ወር ፈጅቷል፣ በመሃልም ተመልሶ ያውቃል፤ በተለይ የበዓል ሰሞን ነጠላ ስቋጭ ሳልነሳ ስቀር። ሲመለስ ግን ምን እንደጎደለ አሁን አውቃለሁ።

ዝናቡ አባራ ማለት ነው፣ ጣራው ጸጥ ብሏል። የቀረኝ የቀኝ እጅጌ ነው። ለነገ ጠዋት ስምንት ክር በክንዴ ለክቼ ቆርጬ፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠልጥያለሁ።