ለአድዋ የእንጨት ጠመንጃ የምታሠሩ፣ ውጅግራ አሠሩ

የካቲት 23 በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ሰው የአባቶቹን ልብስ አሳምሮ ለብሶ፣ ጎፈር ደፍቶ፣ ጋሻ አንግቦ ይወጣል። የያዘው የእንጨት ጠመንጃ ግን ክላሽ ነው፤ ያ ጎበጥ ያለ ካዝናው እንኳ ሳይቀር! ክላሽ እኮ ከአድዋ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ ነው የተሠራው።

አድዋ ላይ ብዙ ዓይነት ጠመንጃ ነበር። በፉከራውም በሽለላውም ስሙ የማይጠፋው ግን ውጅግራ ነው። መጀመሪያ የፈረንሳይ ጦር መሣሪያ ነበር። ፈረንሳዮች ከ1866 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የያዙት ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ጥይቱ በወረቀት የተጠቀለለ ስለሆነ እርጥበት አይችልም፣ ሲተኮስም ጋዙ ከኋላ ያፈስ ነበር። በ1874 ባዚል ግራ የተባለ መኮንን ያንኑ ጠመንጃ ባለ ቀለህ ጥይት እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው፤ ውጅግራ የምንለው ይኸው ነው። ግሪኮችም ወደዱትና ለሠራዊታቸው ኦስትሪያ ውስጥ አሠሩት። በ1886 ጭስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀመው ለበል ሲመጣ ፈረንሳዮች ውጅግራን መተው ጀመሩ፤ ነጋዴውም በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደኛ አመጣው።

እስቲ አተኳኮሱን አስቡት። ካዝና የለውም። አንድ ታጎርሳለህ፣ ትተኩሳለህ፣ ጥቁር ባሩድ ነውና ጭሱ ያለህበትን ቦታ ለጠላት ያሳያል፣ አንተ ግን እዚያው ሆነህ መቀርቀሪያውን ስበህ ቀለሁን አውጥተህ ሌላ አንድ ታጎርሳለህ። ፊት ለፊት ካሉት ጣሊያኖች ብዙዎቹ የያዙት አራት ጥይት የሚጎርስ ቬተርሊ ነበር። የእንጨቱ ጠመንጃ በትክክል ይሠራ የምለው ለዚህ ነው፤ ክላሽ ያየ ልጅ ይህንን ጀግንነት ከየት ያውቀዋል?

ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ይሁን። ሆዱ ሥር ምንም ነገር አይንጠልጠል። የመቀርቀሪያው እጀታ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይውጣ፣ ጫፉ ላይ ድቡልቡል ይኑረው። ከአፈሙዙ ሥር ቀጭን የመወልወያ ዘንግ አለ፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንጨቱ ዋንዛ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ለመጥረብ ይመቻል፣ ቀለሙም ያምራል። ሳንጃ የምትጨምሩ ከሆነ እጀታው እንጨት፣ ጉልላቱ ናስ ነው። በእውነተኛው ሳንጃ ጀርባ ላይ፣ ከስለቱ ማዶ፣ የተሠራበት ፋብሪካና ዓመት በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተቀርጿል። ሴንት ኤቲየን የሚል ካያችሁ የፈረንሳይ ከተማ ስም ነው።

ከአያት የወረሳችሁት ውጅግራ ቤታችሁ ካለ ደግሞ እባካችሁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ቫርኒሽም አትቀቡት። ብረቱ ላይ 1874 የሚለውን ጽሑፍ ፍቀው የሚያጠፉ አሉ፣ ያሳዝናል። ከሁሉም ጎን ፎቶ አንሱትና ለአናጺው አሳዩት፤ ከዚያ የተሻለ ንድፍ አያገኝም።