እውነቱን አውጣልኝ ብዬ ጸለይሁ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ምስክርነት ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ከሕመም ስለ መፈወስ፣ ከአደጋ ስለ መትረፍ ወይም የተዘጋ በር ስለ መከፈቱ ነው። እኔ የምመሰክረው ከራሴ ስለ ዳንሁበት ነገር ሲሆን፣ በደረሰብኝ ጊዜ ግን ውርደት እንጂ መዳን መሆኑን አላወቅሁም ነበር። ለስምንት ወራት ያህል «ጌታ ሆይ፣ እውነቱን አውጣልኝ» እያልሁ ስጸልይ ኖርሁ። ጌታም ሰማኝና እውነቱን አወጣው።

ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ነው። በመሥሪያ ቤቱ ጠንቃቃ ሰው ተብዬ እታወቅ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያንም ጉባኤ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የማስተምር ሰው ነበርሁ። ሁለቱም ስሞች ደስ ይሉኝ ነበር፤ ምን ያህል ደስ ይሉኝ እንደ ነበር ግን ያወቅሁት ሊነጠቁብኝ ሲሉ ነው።

አንድ ጊዜ የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ሪፖርቱ ለበላይ ከተላከ በኋላ የ18,000 ልዩነት እንዳለበት ታወቀ። በእኛ ሙያ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው አንድ ዘዴ አለ፤ ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ አንድ ሰው ሁለት አጎራባች አኃዞችን አቀያይሮ ጽፎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው። 18,000 ለ9 ሲካፈል 2,000 ይመጣል። ፈልገን አገኘነው፤ 46,280 መሆን የሚገባው 64,280 ተብሎ ገብቷል። ይህ ቁጥር ያለፈው በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነበር። እኔ ከደረሰኞቹ ደምሬ በሥራ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ አንዲት ታናሽ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ታስገባለች። ወረቀቱ ተፈልጎ አልተገኘም፤ አለመገኘቱን እንኳ በእርሷ ላይ ማስረጃ አደረግሁት።

በክፍሉ ስብሰባ ላይ ልጅቱ «ጋሼ፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍሁት» አለች። እኔም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስሕተት ያለ ነው፤ የሚያስነውረው መካዱ ነው» ብዬ መለስሁላት። ብጮህባት ኖሮ ምናልባት አንዳንዱ ሰው ለእርሷ ያዝንላት ነበር። ልስላሴዬ ግን እኔን ታጋሽ፣ እርሷን ግትር አድርጎ አሳየ። በኋላ ይቅርታ ጠይቃ በጽሑፍ ፈረመች፤ ከቦታዋም ተነሥታ ሰነድ ወደ ማደራጀት ሥራ ተዛወረች። ለእኔም «በሥርህ ያለውን ሥራ አልተቆጣጠርህም» የሚል የቃል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የምጠብቀው እድገትም ዘገየ።

ያን ጊዜ ነው ጸሎቱ የተጀመረው። በእርሷ ጥፋት ስሜ ጎደፈ ብዬ ስላመንሁ፣ በየማለዳው መዝሙረ ዳዊት 25ን እከፍትና «አቤቱ፥ እኔ በየዋህነቴ ሄጃለሁና ፍረድልኝ» የሚለውን ቁጥር አንድ እንባ እያነቀኝ እደግመው ነበር። ከሥሩ ያለውን ቁጥር ሁለት፣ «አቤቱ፥ ፍተነኝ መርምረኝም፤ ኵላሊቴንና ልቤን ፈትን» የሚለውን፣ በምላሴ ብቻ አልፈው ነበር። በዚያው ሰሞን በጉባኤ ያስተማርሁት በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ስላሉት ስለ ፈሪሳዊውና ስለ ቀራጩ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ፈሪሳዊው «እንደዚህ ቀራጭ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ያለው «በልቡ» እንደ ነበር ወንጌሉ ይናገራል፤ እንግዲህ አጠገቡ የቆመ ሰው ቢኖር የሚያየው ጸሎት ላይ ያለ ጨዋ ሰው ብቻ ነው። ይህንን አጥብቄ አስተማርሁ። ሳስተምርም ዓይኔ ከተቀመጡት መካከል ቃሉ የሚስማማውን ሰው ይፈልግ ነበር።

በስምንተኛው ወር አንድ ከዚህ ጉዳይ ጋር የማይገናኝ ቮውቸር ፍለጋ የቀደመውን ዓመት ቦክስ ፋይሎች ሳገላብጥ፣ በዛገ አግራፍ ከሌላ ሰነድ ጀርባ ጋር ተያይዞ የቀረ አንድ ወረቀት አገኘሁ። ሳላነብበው በፊት የእጅ ጽሑፌን አወቅሁት፤ የእኔ 4 ከላይ ክፍት ነው፣ 6ቱም ጅራቷ ረዘም ብላ ወደ ውስጥ ትታጠፋለች። በእርሳስ 64,280 ተብሎ ተጽፏል። ከአጠገቡም በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለተኛ አይቼ አረጋግጫለሁ ለማለት የማደርገው ምልክት ነበረ። ልጅቱ ያየችውን ነው የጻፈችው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ዙሪያዬን ማየት ነው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ በኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትሁት።

ሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርሁ። በእነዚያ ቀናት ያቀረብኋቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ። ነገሩ አርጅቷል አልሁ፤ እርሷም አዲሱን ሥራ ለምዳዋለች አልሁ። ከሁሉ የባሰው ግን መንፈሳዊ መልክ የነበረው ነው፦ እኔ የማስተምር ሰው ስለሆንሁ የእኔ ስም ቢነሣ ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች አልሁ። ይህን ሐሳብ ሳገኝ ዕፎይ ብዬ እንቅልፍ እንደ ወሰደኝ አልደብቅም።

በሦስተኛው ሌሊት እንደ ልማዴ መዝሙሩን ከፈትሁ፤ ቁጥር አንድን ልጀምር ብል አልወጣልህ አለኝ። «በየዋህነቴ ሄጃለሁና» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዓይኔ ወደ ቁጥር ሁለት ወረደና እዚያው ቀረ። ስምንት ወር ሙሉ ፍረድልኝ ስለው የኖርሁት ዳኛ መርምሮ ጨርሶ ፍርዱን በኪሴ እንዳስቀመጠው ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግሥቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ታሪኩን ነገርኋቸው፤ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ወረቀቱ የት ነው?» አሉኝ። «በኪሴ ነው፣ አባቴ» ብዬ ላወጣው ስል እጄን ያዙኝ። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእግዚአብሔርም ነግረኸዋል፤ እርሱ ከመጀመሪያውም ያውቀው ነበር። የማታውቀው እርሷ ናት፤ ልጄ፣ ወደ እርሷ ሂድ» አሉኝ። ደግሞም በአስቄጥስ ገዳም ስለ ነበረው ስለ አባ ሙሴ ጸሊም አስታወሱኝ፤ በአንድ በደለኛ ወንድም ላይ ለመፍረድ መነኮሳት ተሰብስበው ሲጠሩት፣ የሚያፈስስ ዕቃ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ፤ ምንድን ነው ሲሉትም ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ አላየውም፣ ዛሬ ግን በሌላው ላይ ልፈርድ መጣሁ ብሎ መለሰላቸው፤ እነርሱም ያንን ወንድም ይቅር አሉት። ይህን ታሪክ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አስተምሬበታለሁ። ሁልጊዜ ግን ራሴን የማስቀምጠው በአባ ሙሴ ቦታ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ምስክርነቴ ይጎድላል። እኔ በየቀኑ በጸሎቴ «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ» እል ነበር፤ ምንም አያስከፍለኝም ነበር፤ እንዲያውም ከተናገርሁት በኋላ ትሑት የሆንሁ መስሎኝ እነሣለሁ። «64,280 ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ» ለማለት ግን ምላሴ ተሳሰረ። ትሕትና ቀን፣ ስምና ቁጥር ሲጠየቅ እንዲህ ይከብዳል።

ያን ማታ የጸለይሁት አጭር ነው። ራሴን አውቀዋለሁና፣ ስናገር ማብራራት እንደምጀምር፣ የዓመት መዝጊያ ጥድፊያውን፣ የዓይኔን ድካም፣ የሥራውን ብዛት እንደምደረድር ዐውቅ ነበር። ስለዚህ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን የዳዊት ቃል ይዤ፣ ነገሩ እንዲቃናልኝ ሳልለምን፣ አፌ እንዳያብራራ ብቻ ለመንሁ።

ይህም ጸሎት ተሰማ። ልጅቱን ብቻዋን አገኘኋትና ወረቀቱን ሰጠኋት፤ «የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያረጋገጥሁትም እኔ ነኝ። በሰው ፊት በሐሰት ከስሼሻለሁ፤ በዚያው ሰው ፊት እመልሰዋለሁ» አልኋት። ከዚያ በኋላ የምለው አልመጣልኝም።

ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ለቁጣ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። እርሷ ግን ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ በቀዩ ምልክት ላይ ጣቷን አሳረፈችና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር» አለች። የይቅርታውን ደብዳቤ የፈረመችው ተገድዳ መስሎኝ ነበር። ለካ እኔን ስለምታከብር፣ ጋሼ ከሚሳሳቱ ዓይኔ ቢሳሳት ይሻላል ብላ፣ ዓይኗን ከስሳዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድን ቁጥር ሦስት ጊዜ ሳታይ እንደማታልፍ፣ ሌሊትም እየባነነች የሠራችውን በልቧ እንደምትደምር ነገረችኝ። ቀጥላም ብቻዬን ልሁን አለችኝ። ወጣሁ። «ይቅር ብዬዎታለሁ» አላለችኝም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ቃል በሁሉ ፊት ደገምሁት። እርሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፣ ደብዳቤዋም ተሰረዘ፤ ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይህ ቀላሉ ክፍል ነበር።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ሳምንታት ናቸው። ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ ያለፈ የለም። ዘኬዎስ «ማንንም በሐሰት ከስሼ እንደ ሆንሁ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለውን እያሰብሁ፣ የእርሷን ሥራ ሳልጠየቅ እሠራላት፣ በየአጋጣሚውም በሰው ፊት አመሰግናት ጀመር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ፤ ሥራዬን ይመልሱልኝ» አለችኝ። አፈርሁ። ዕዳዬን እየከፈልሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ይቅርታዋን በችኮላ እየገዛሁ ነው።

ያን ማታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለውን፣ ለባልንጀራው ያልራራውን የባሪያውን ዕዳ፣ የሒሳብ ሰው ነኝና፣ በወረቀት ላይ አሰላሁት። ባልንጀራው የነበረበት 100 ዲናር ነው፤ በምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን የሥራ ዋጋ ስለሆነ የ100 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ባሪያው ለንጉሡ የነበረበት ግን እልፍ መክሊት ነው። አንዱ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ስለሆነ 10,000ው መክሊት 60,000,000 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ያለ አንዳች ዕረፍት በየቀኑ ቢሠራ ከ160,000 ዓመት በላይ ነው። ይህ ሰው ነው በጌታው ፊት ወድቆ «ታገሠኝ፥ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» የሚለው። ድሮ ሳስተምረው የሚደንቀኝ ጭካኔው ነበር፤ ያን ማታ የደነቀኝ ግን ይህ ተስፋው ነው። የማይከፈለውን እከፍላለሁ ብሎ ስላመነ፣ ምሕረት የተደረገለት መሆኑ ከልቡ አልገባም፤ ስለዚህም ወጥቶ 100 ዲናሩን አንቆ ጠየቀ። እኔም ባለ 100 ዲናሯን ስምንት ወር አንቄ ይዤ ነበር፤ እርሷ ላይ ያንን ዕዳ የጻፍሁት ራሴ መሆኔ ብቻ ይለያል። ተነሥቼ ወረቀቱን ቀደድሁና፣ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ምሕረቷን መሸመት ትቼ መጠበቅ ጀመርሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ «ይቅር ብዬዎታለሁ። ረስቼዋለሁ ግን አላልሁም» አለችኝ። ከሰው አፍ ከሰማሁት ቃል ሁሉ ይህን ያህል ንጹሕ የሆነ አላስታውስም። ተነሥቼ እጅ ነሣኋት።

ከምን እንደ ዳንሁ የምትጠይቁኝ ብትኖሩ፣ የሌላ ሰው ስሕተት ሳገኝ ከአንጀቴ የሚነሣ አንድ ጣፋጭ ነገር ነበረ፤ ከእርሱ ነው። ጨርሶ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ አሁን ግን ሲመጣ አውቀዋለሁ፣ ጣዕሙም መርሮኛል። ባለፈው ጊዜ አንድ ወጣት ሠራተኛ ተመሳሳይ ስሕተት ሠርቶ ሲያልበው፣ መጀመሪያ የራሴን ወረቀት አወጣሁ። በጉባኤም ለአንድ ዓመት ያህል ከማስተማር ተለይቼ በአድማጭ ወንበር ተቀመጥሁ፤ ማንም አላዘዘኝም፣ የሚያስፈልገኝ ስለ ነበር ነው። መዝሙር 25ንም አሁን የምጀምረው ከቁጥር ሁለት ነው።

ልጅቱ አሁንም ከእኔ በሁለት ጠረጴዛ ርቀት ተቀምጣ ትሠራለች። እርሷ የሠራችውን እኔ፣ እኔ የሠራሁትን እርሷ ታያለች። ጸጥ ባለ ጊዜ ጣቷ በረድፉ ላይ ሲሄድ፣ ከታች ደርሶ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ደግሞም ለሦስተኛ ጊዜ ሲወርድ ይሰማኛል። ስለዚያች ሦስተኛ ጊዜ በየማለዳው እጸልያለሁ፤ ይህ ጸሎቴ ገና አልተመለሰም።