ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ

እናቴ ቤት የድሮ አልበም ሳገላብጥ የአምስተኛ ክፍል ፎቶዬን አገኘሁ። ሁለተኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ። ጆሮው ሰፋፊ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ልጅ። እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ላወጣው ብሞክር እምቢ አለ። እነዚያ ገጻቸው ሙጫ የሆነ አልበሞች ፎቶ ከያዙ አይለቁም። አልበሙን ይዤ ቤቴ ገባሁና በላስቲኩ ላይ እንዳለ በስልኬ አነሳሁት። ፍላሹ የመምህራችንን ፊት በላው። የቀረነው ደግሞ ቀለማችን ለቆ ቀይ ቀይ ብለናል። ራሴን አከበብኩና "ማን ያስታውሰኛል?" ብዬ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ሳይመሽ አንዷ "ውይ፣ የኛ ክፍል!" ብላ ቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ ጨመረችኝ። ቴሌግራም ላይ በስሜ ቦታ የጻፍኩት የአባቴን ስም ብቻ ስለሆነ "ማነህ?" ያለኝ የለም። "አንተ! የት ጠፍተህ ነው?" ብቻ።

ሦስት ቀን ሥራ አልሠራሁም። አንዱ በድንጋይ ስለፈነከተኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጭንቅላቴን ዳበስኩ፤ ጠባሳ የለም። ቢሆንም ይቅር አልኩት። በማግስቱ ድንጋዩ ራሱ ትዝ አለኝ። (ምን ላድርግ፣ ደጋግመው ሲነግሩኝ አስታወስኩ።)

ከዚያ የክፍል አለቃችን መጣ። "አሁን አድገናል፤ እውነቱን ንገረን። የክፍሉን ኳስ የወሰድከው አንተ ነህ አይደል?"

አሰብኩ። አልጋ ሥር፣ ከአሮጌ ጫማዎች ጀርባ የተደበቀ ኳስ ታየኝ። ይሄኛው ማንም ሳይነግረኝ ነው የታየኝ! ሆዴ ባባ። በድምፅ መልእክት ተናዘዝኩ፤ 47 ሰከንድ። ልቡ፣ ጭብጨባው፣ የሚያለቅሰው ፊት ዘነበልኝ።

ማታ አንዷ "ሁላችንም 50 ደፈንን እኮ" ብላ ጻፈች።

እኔ 45 ነኝ።

የጥርስ ክር አመጣሁ። በፎቶውና በገጹ መሀል እንደ መጋዝ እየሳብኩ ቀስ ብዬ አላቀቅኩት። ጀርባው ላይ፣ በእናቴ የእጅ ጽሑፍ፣ የታላቅ ወንድሜ ስም።

ከግሩፑ ሹልክ ብዬ ልወጣ ስልኬን ሳነሳ ወንድም ጋሼ ገብቷል። ለካ ፎቶውን አንዱ ልኮለታል። የድምፅ መልእክቴን ከፍቶ ሰምቷል። "እየጻፈ ነው" ይላል። ይቆማል። ደግሞ "እየጻፈ ነው" ይላል።

በመጨረሻ ላከው። "ወደ 40 ዓመት የካድኩትን በ47 ሰከንድ አመንክልኝ?"

ቀጥሎ አድሚኗን "ይሄን ልጅ አስወጪልኝ" አላት።

"አይወጣም" አለች። "ምስክር ነው።"