ካንዴላው ቤንዚን አልሸተተም

አባቴ የተወልኝ ፔጆ 404 ጠዋት ስትነሳ ታነክሳለች። ደቂቃ ሳይሞላ ትስተካከላለች። ሦስት ወር ሙሉ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ስቀይር፣ ካርቡራተር ሳስጠርግ ከረምኩ።

ሐረር ያለው ሜካኒክ ግን ትናንት ማታ «አቦ፣ አታስነሳት፤ እዚሁ ትደር» አለኝ።

ዛሬ በጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አራቱንም ካንዴላ ፈታ። ሦስቱ ደረቅ ናቸው። የአንዱ ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥላለች። አፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። ቤንዚን አይሸትም። ውሃ ነው! የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩና በላይኛው ክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ተበልቶ፣ የራዲያተሩ ውሃ ሌሊቱን ወደ ሲሊንደሩ ሲንጠባጠብ ያድራል። ሞተሩ ሲነሳ በጭስ ማውጫው ተንኖ ይወጣል። ቶሎ የሚተወን ሕመም ሐኪም ቤት አያደርሰንም፤ በእሷም ላይ እንደዚያው ጨከንኩ።

ሰውዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦

«ውሃ ቶሎ ቶሎ ትጨምርባታለህ?»

በየሳምንቱ እጨምር ነበር።